54ቱም መቀመጫ የአንድ ፓርቲ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው ለንደን፣ ሉዊሸም ውስጥ ነው። የብሪታንያ ዜግነት ካገኘሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለሆነ ለካውንስል (ለአካባቢው ምክር ቤት) ምርጫ ድምፅ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 2022) ከሥራ እንደ ወጣሁ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድሁ። ለምክር ቤቱ ሦስት ሰው መምረጥ ይቻላል ሲሉኝ አንዱን ድምፅ ለሌበር ፓርቲ፣ ሁለቱን ለግሪን ፓርቲ ሰጠሁ። ውጤቱ ሲወጣ ግን ከ54ቱ መቀመጫ 54ቱንም ሌበር ወስዶታል። ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀና «ሁሉንም ጠቅልሎ የሚወስድ ፓርቲ ፈርተን መጥተን እዚህም ደረሰብን» አለኝ። ይባስ ብሎ የዋርዳችንን (የምርጫ ክልላችንን) የውጤት ሰንጠረዥ ስደምረው የድምፁ ብዛት መረጡ ከተባሉት ሰዎች በእጥፍ ይበልጣል። በሒሳብ ደካማ ነኝ፤ ይህን ያህል ግን አልደክምም። ነገሩ ምንድን ነው?
እናት፣ ከካትፎርድ

መልስ፦ እህቴ፣ ድምርዎ ትክክል ነው። እንዲያውም በእጥፍ ብቻ መብለጡ ገርሞኛል፤ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችል ነበር። እርስዎ ራስዎ እኮ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሦስት ቦታ አሉ፤ አንድ ጊዜ ከሌበሩ ዕጩ አጠገብ፣ ሁለት ጊዜ ከግሪኖቹ። የለንደን ቦሮዎች፣ ማለትም ክፍለ ከተሞች፣ በዋርድ የተከፋፈሉ ናቸው። አንድ ዋርድ ሁለት ወይም ሦስት፣ አልፎ አልፎም አንድ ሰው ብቻ ወደ ምክር ቤቱ ይልካል፤ መራጩም በመቀመጫው ልክ ድምፅ አለው። ሦስቱንም የመጠቀም ግዴታ የለበትም። አንዱን ብቻ ምልክት አድርጎ የሚወጣ ብዙ ስለሆነ ነው ድምሩ ሦስት እጥፍ ሳይሞላ የሚቀረው።

አሁን ወደ 54ቱ እንምጣ። አንድ ምናባዊ ዋርድ ይያዙልኝ፦ 3,000 ሰው መርጧል፤ 1,300ው የአንደኛው ፓርቲ ደጋፊ ነው፤ 800ው የሁለተኛው፣ 600ው የሦስተኛው፣ 300ው የአራተኛው። ሁሉም ሦስቱንም ድምፁን ለራሱ ፓርቲ ሰጠ እንበል። የአንደኛው ፓርቲ ሦስት ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 1,300 አገኙ፤ የሁለተኛው ሦስት ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 800። ከላይ ያሉት ሦስቱ ይገባሉ፣ ሌላው ወደ ቤቱ። ከመቶ 43 ያህል ድጋፍ ያለው ፓርቲ ከመቶ መቶውን መቀመጫ ወሰደ ማለት ነው። ይህ ነገር በየዋርዱ ሲደገም 54 ለዜሮ ይሆናል። በሉዊሸም በ2018ም እንዲሁ ነበር (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። በባርኪንግና ዳገንሃም ቦሮ ደግሞ ሌበር 51ዱንም መቀመጫ ይዞ ከ2010 እስከ 2022 አራት ምርጫ አልፏል። የእርስዎ ሁለት የግሪን ድምፆች ተቆጥረዋል፣ ተመዝግበዋል፤ መቀመጫ ግን አላስገኙም።

ሥርዓቱ ለሌበር የተሰፋ እንዳይመስልዎት ሌላውን ቦሮ፣ ዋንድስወርዝን፣ ልጥቀስ። በ2018 በቦሮው በጠቅላላ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሌበር ነበር፤ መቀመጫውን ግን ኮንሰርቫቲቮች 33 ለ26 አሸነፉ። የሌበር ድምፅ በጥቂት ዋርዶች ታጭቆ ነበርና። በ2022 ነገሩ ተገለበጠና ከ1978 ጀምሮ በኮንሰርቫቲቮች እጅ የኖረው ካውንስል 35 ለ22 ወደ ሌበር ዞረ።

ባለቤትዎ የሳቁበት ትዝታ ይገባኛል፤ እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት። ግን የቆጠራውን ሌሊት ቢያዩት ኖሮ በዚያ በኩል ሳቃቸው የሚቀንስ ይመስለኛል። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሌላ የለንደን ቦሮ ሦስት ጊዜ ድምፅ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቦታው የስፖርት አዳራሽ ነው። የቅርጫት ኳስ መስመር በተሰመረበት ወለል ላይ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ። ምርጫ ጣቢያዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት ተዘግተው ኮሮጆዎቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወረቀቱ ብቻ ይቆጠራል። ከጣቢያው የመጣው መዝገብ 412 ይላል እንበል፤ ጠረጴዛው ላይ 412 መገኘት አለበት። አንድ ሌሊት 411 ሆነብን። ደገምን፣ ሠለስን፣ ያው 411። ከፊታችን ቆሞ የሚከታተለው የአንደኛው ፓርቲ ታዛቢ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። በኋላ አንዲት ወረቀት በሌላዋ እጥፋት ውስጥ ተሸጉጣ ተገኘች፤ ታዛቢውም እኔም እኩል ተነፈስን።

ከዚያ መለየት ይጀመራል። ወረቀቱን ገልብጦ ማየት ክልክል ነው፤ በጀርባው ቁጥር ስላለበት ሁልጊዜ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይያዛል። ሦስቱንም ለአንድ ፓርቲ የሰጡት በየፓርቲያቸው ተከምረው በ25 በ25 ይታሰራሉ፤ ይህ ቀላሉ ነው። እንደ እርስዎ ያደባለቀ ሰው ወረቀት ግን ለብቻው ይቀመጣል። አንዱ ቆጣሪ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በሰፊ ሰንጠረዥ ላይ ይጭራል፤ አራት ቀጥ ያለ መስመር፣ አምስተኛው በላያቸው ተጋድሞ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ዓይናችንን ሲያከብደው፣ የእርስዎን ዓይነት መራጭ በልባችን እንረግም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

አጠራጣሪ ወረቀት ሲመጣ እጃችንን እናወጣለን። አንድ መራጭ በሳጥኑ ውስጥ የመስቀል ምልክት በማድረግ ፈንታ የሚስቅ ፊት ሥሎ ነበር። ኃላፊው የሁሉንም ፓርቲ ታዛቢዎች ጠርቶ አሳያቸውና የመራጩ ፍላጎት ግልጽ ነው ብሎ አስቆጠረው። ሌላ መራጭ ከሦስት ማለፍ ሳይገባው አራት ምልክት በማድረጉ ወረቀቱ እንዳለ ወደቀ። ፊርማውን ያኖረ፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር የጻፈም እንዲሁ ይወድቃል።

ማጭበርበር ፈጽሞ የለም አልልዎትም። በታወር ሃምሌትስ ቦሮ በ2014 የተደረገውን የከንቲባ ምርጫ የምርጫ ፍርድ ቤት በ2015 ሰርዞታል። ከንቲባው ሉትፉር ራህማን በሕገ ወጥ የምርጫ ድርጊት ጥፋተኛ ተብለው ለአምስት ዓመት ከውድድር ታገዱ፤ በ2022 ተመልሰው ተወዳደሩና አሸነፉ። ያን ክስ ያቀረቡት አራት ተራ መራጮች ነበሩ፤ የከሳሽነት መብቱ እርስዎም ጋ አለ፣ ጊዜው ግን ከውጤቱ በኋላ 21 ቀን ብቻ ነው። በሉዊሸም ግን ላስጨንቅዎ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በ2022 ከተመረጡት ከንቲባው ከሌበር፣ 54ቱም የምክር ቤት አባላት ከሌበር ነበሩ። የከንቲባውን ውሳኔ መርምሮ «ይህ ገንዘብ ለምን ወጣ?» የሚለው ኮሚቴ አባላቱ ሁሉ የዚያው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው ጠንካራ ጠያቂ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ የፓርቲውን ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል ይደፍራል? የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የነዋሪ ጥያቄም ይቀበላል። አንድ ምሽት ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱና ከኋላ ወንበር ይቀመጡ።

ሰንጠረዡን ደግሞ አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ድምሩን ይተዉና ሦስተኛ በወጣውና አራተኛ በሆነው ዕጩ መካከል ያለውን ልዩነት ይፈልጉ፤ የዋርዱ እውነተኛ ፉክክር እዚያች ላይ ናት። ልዩነቱ የአንድ ሕንፃ ነዋሪ የሚያህል ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የፓርቲ ቀስቃሾች የሚያንኳኩት የእናንተን በር ነው። ሌላም የሚያዝናና ነገር ያገኛሉ። በወረቀቱ ላይ ዕጩዎች የሚደረደሩት በቤተሰብ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ከአንድ ፓርቲ ሦስት ዕጩዎች መካከል ስሙ ከላይ የሆነው ከጓደኞቹ ትንሽ በለጥ ያለ ድምፅ ማግኘቱ የተለመደ ነው። የእኛ ሰው ሲወዳደር እንደ ቤተሰብ ስም የሚያዝለት የአባቱ ስም ነውና፣ አባቱ አበበ የሆነ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ አባቱ ዘለቀ የሆነ ምስኪን ከሥር ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለንደን፣ ብሬንት ውስጥ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃድ ይዤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የካውንስል ታክስ አንድም ወር አላቋረጥሁም። ከእኔ ፎቅ በላይ ያለችው ጎረቤቴ ኬንያዊት ናት፤ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዜግነትም አልወሰደችም። የምርጫ ካርድ በስሟ መጣላት፣ መረጠችም። እኔን ግን አትችልም አሉኝ። ሊያሾፉብኝ ነው ወይስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ ቢመስልም ሹፈት አይደለም። ሕጉ የሚያየው ታክስዎን ሳይሆን ፓስፖርትዎን ነው። በእንግሊዝ ለካውንስል የሚመርጠው የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ (ብዙዎቹ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት የነበሩ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋ ነው፤ በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችም ሁሉ ነበሩበት፣ ከ2024 ወዲህ ግን ሁሉም አይደሉም። ኬንያ ኮመንዌልዝ ውስጥ አለች፣ ኢትዮጵያ የለችም። የ2022ቱ ምርጫ የዋለው የድል በዓላችን ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ነበር። አርበኞቻችንን በምንዘክርበት ቀን ቅኝ ተገዝቶ የነበረው አገር ልጅ መርጦ፣ ያልተገዛው አገር ልጅ በመስኮት ሲያይ ዋለ። ለራሴ እንዲህ እያልሁ ስስቅ ቆይቼ ሞዛምቢክና ሩዋንዳ ትዝ አሉኝ። የመጀመሪያዋ በ1995፣ ሁለተኛዋ በ2009 ኮመንዌልዝ ገብተዋል፤ ሁለቱም የብሪታንያ ቅኝ ግዛት አልነበሩም። ስለዚህ ጀግንነታችንን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።

የሚያንገበግበው ሌላው ነው። ስኮትላንድና ዌልስ በቅርብ ዓመታት ሕጋቸውን ለውጠው በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የየትኛውም አገር ዜጋ ለካውንስል እንዲመርጥ ፈቅደዋል። ሁለቱም የካውንስል ምርጫ ያደረጉት በዚያው ዕለት ነው። የእርስዎን ዓይነት ፈቃድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ውስጥ ቢኖር ይመርጥ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ግን የሄደችው ወደ ማጥበቁ ነው፤ ከዚያ ምርጫ ልክ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የጸደቀው ሕግ የአውሮፓውያኑን መብት ቀነሰ፤ በምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየትንም ግዴታ አደረገ። የካትፎርዷ እህቴም ይህን ትያዝልኝ፦ የብሪታንያ ፓስፖርትን ወይም መንጃ ፈቃድን የመሰለ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አያስገባም።

ድምፅ ባይኖርዎትም ካውንስለሮቹ (የምክር ቤቱ አባላት) የእርስዎም ናቸው። የሻገተ ግድግዳ፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ይህን ሁሉ ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ ደንበኛው አሠራር መረጥህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ብዙዎቹ በቤተ መጻሕፍት ወይም በአካባቢ አዳራሽ ተቀምጠው ነዋሪ የሚያነጋግሩበት ቀን አላቸው፤ ስሙን «ሰርጀሪ» ይሉታል። እኔ አዲስ መጤ ሳለሁ ካውንስለሯ ቅዳሜ ሰርጀሪ እንዳላት የሚገልጽ ማስታወቂያ አይቼ፣ ቀዶ ሕክምና መስሎኝ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ የሚል ካርድ ልኬላታለሁ። ሴትዮዋ የምስጋና ደብዳቤ መለሰችልኝ፤ ምን እንደ ተሰማት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ ቢያመጡ ምርጫው ይደገማል?

መልስ፦ አይደገምም፤ ድጋሚ የሚሆነው ቆጠራው ነው። ያም እኩል ከሆነ ዕጣ ይወጣል። ሕጉ የሚለው «በዕጣ» ብቻ ስለሆነ አወጣጡ ለኃላፊው የተተወ ነው። በ2017 በኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ ዋርድ፣ የኮንሰርቫቲቩና የሊበራል ዴሞክራቷ ዕጩዎች እኩል ሆነው ረጅምና አጭር ጭራሮ እንዲመዝዙ ተደረገ። ዕጣው ለሊበራል ዴሞክራቷ ወጣ። ኮንሰርቫቲቮች ከ67ቱ መቀመጫ 33 ይዘው ቀሩ፤ ምክር ቤቱን ብቻቸውን ለመያዝ የጎደለቻቸው ያቺው አንዲት ጭራሮ ነበረች።