ንብ ናት ወይስ ዝንብ? ክፍት ጥያቄና መልስ

ቡናው ሲያብብ «ንብ መሰለችኝ» የሚል ጥያቄ ይበዛል፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ቀለም አትመኑ። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉርነት አበባ ላይ የምታርፈው ንብ መሳይ ዝንብም አላት፤ ወፍ እንድትፈራት ነው።

ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ አበባ ላይ ያለችውን በምን ልለያት?

መልስ፦ ከአንቴናዋ ጀምር። የንብ አንቴና ረዘም ያለና እንደ ክርን የታጠፈ ነው። የዝንቧ አጭር፣ ከጎኑ አንዲት ቀጭን ጸጉር የወጣችበት ነው። ከዚያ ክንፍ፦ ንብ 4፣ ዝንብ 2። ችግሩ ንብም ስታርፍ 2 ያላት ትመስላለች፤ የፊቱና የኋላው ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆ ይያያዛሉና። ቀፎ ደጃፍ ከወደቁት የሞተች አንሳ፣ የፊተኛውን ክንፍ በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርገህ ወደ ፊት ግፋ፤ መንጠቆው ሲላቀቅ ትንሹ የኋላ ክንፍ ብቅ ይላል። በኃይል ከጎተትከው ተቀድዶ «2 ነው» ብለህ ትመጣብኛለህ። ዝንቧ ላይ እዚያው ቦታ የምታገኘው ጫፏ ያበጠ፣ የክብሪት እንጨት የመሰለች ዘንግ ነው፤ ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቅበት። በሕይወት ያለችውን ግን በእጅ አትያዝ፤ በብርጭቆ ክደናት።

ከሰቃ፦ ዓይኗ ትልቅ ከሆነ ዝንብ ናት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለሠራተኛዋ ንብ ይሠራል፤ ዓይኗ ከግራና ቀኝ ሞላላ ነው። ድንጉላው (ወንዱ ንብ) ግን ዓይኖቹ አናቱ ላይ ይገናኛሉ፣ ልክ እንደ ወንዱ ዝንብ። ወፍራም ነው፣ የአበባ ዱቄት አይሸከምም፣ መናደፊያም የለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድንጉላ ግን አበባ አይቀስምም፤ ቀፎ ውስጥ ይበላል፣ አውራዋን (ንግሥቲቱን) ፍለጋ ይወጣል። አበባ ላይ ተቀምጦ የሚልስ ባለትልቅ ዓይን ካየህ ዝንብ ነው።

ከጅማ ከተማ፦ ፎቶ ልኬያለሁ፣ ምንድናት?

መልስ፦ ጥላ ናት። ቀርበሽ አንቴናዋና የኋላ እግሯ እንዲታይ አድርገሽ አንሺ።

ከሊሙ፦ ጣዝማም እኮ ዝንብ ናት፤ አትናደፍም።

ከጌራ፦ ማር የምትሠራ ዝንብ የት አየህ?

ከሊሙ፦ ማሯ ቀጭን ነው፣ የንብ አይመስልም።

መልስ፦ ተዉ። ጣዝማ ንብ ናት። 4 ክንፍ አላት፣ አንቴናዋ የታጠፈ ነው፣ የአበባ ዱቄት በኋላ እግሯ ትሸከማለች። አለመናደፍ ዝንብ አያደርግም። ቤቷ መሬት ውስጥ ነው፤ ማሯን የምታስቀምጠው እንደ ንብ እንጀራ ሳይሆን በሰምና በሙጫ በተሠሩ ትናንሽ ማሰሮዎች ነው። የቀጠነው ውሃ ስለሚበዛው ነው።

ከጎማ፦ ዝንቧ ቀፎዬን እንዳትጎዳ መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ እንዳትረጭ! ንቦችህን ነው የምትገድለው። እሷ የአበባ ማርና ዱቄት ትቀምሳለች እንጂ ቀፎ አትዘርፍም። ትሏ ጭራ የመሰለ መተንፈሻ አላት፤ የምታድገው ፍግ በገባበት የረጋ ውሃ ውስጥ ነው። በዝተውብህ ከሆነ ውሃውን አፍስስ።

ከአጋሮ፦ የጌራ ነጭ ማር ስንት ገባ?

መልስ፦ ነጋዴ ጠይቅ።

ከሰቃ፦ ሙሉ ጥቁር የሆነችውስ ዝንብ ናት?

መልስ፦ ቀለም አትመኑ አላልኩም? አንቴናዋን አይተህ ተመለስ።