መልስ፦ የቤት ቆጠራ መረጃ ለአቃቂ ዳርቻ ጎርፍ ይጠቅማል?

እኅቴ፣ የጠየቁት «የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአቃቂ ወንዝ ዳር ለጎርፍ የተጋለጡ ቤቶችን ለመለየት ይረዳል ወይ?» የሚል ነው። ይረዳል፤ ግን ለብቻው አይበቃም።

ቆጠራው ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ከምን እንደተሠራ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ጠይቋል። ለጎርፍ ከሁሉም የሚበልጠው የግድግዳው መልስ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ውኃ ጠጥቶ ይለሰልስና ዝናቡ ካባራ በኋላም ሊደረመስ ይችላል፤ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን ይቋቋማል። የጣሪያው መልስ ብዙም አይረዳዎትም፤ በከተማው አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም። የዕድሜን መረጃ ቢጨምሩበት ደግሞ ሕፃናትና አረጋውያን የበዙበትን ሰፈር ያገኛሉ። ይህንን ወንዙ ሲሞላ ከሚደርስበት የመሬት ከፍታ ካርታ ጋር ደርበው ይመልከቱ።

ችግሩ ቆጠራው ራሱ ያረጀ መሆኑ ነው። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ ዳርቻው ግን አልጠበቀም። በ1999 የጤፍ ማሳ የነበረው የኮዬ ፈጬ አካባቢ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ከተቀበሩት መካከል ከክምሩ ሥር የተሠሩ ደሳሳ ጎጆዎች ነበሩበት፤ እንዲህ ያለ ቤት በየጊዜው ስለሚበቅል የቆየ መዝገብ አይይዘውም።

ስለዚህ የቆጠራውን አሃዝ መነሻ አድርገው፣ አዲሶቹን ጣሪያዎች በሳተላይት ምስል ይቁጠሩ፤ የግድግዳውን ዓይነት ግን ከሰማይ ማየት አይቻልም፣ ለእርሱ ከክረምቱ በፊት በወረዳው ሰዎች ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው። የየቤተሰቡን ዝርዝር ከስታቲስቲክስ አገልግሎት አይጠብቁ፤ የማንነት መረጃው በምስጢር የሚጠበቅ ነው።