ስክሪፕቱ አልቋል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። በዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበብ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ የአንድ ሙሉ ፊልም ስክሪፕት ጽፌ ጨርሻለሁ። አዲስ አበባ ያነጋገርኋቸው ፕሮዲውሰሮች ታሪኩን ቢወዱትም የወጪውን ግማሽ ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ፤ ባንክ ደግሞ ማስያዣ ይላል። እናቴ «ቤታችንን አስይዘን እንበደር» ብላኛለች። ባሕር ማዶ ያሉ ጥቁር የፊልም ባለሙያዎች ገንዘብ በቀላሉ ያገኛሉ ሲባልም እሰማለሁ። ቤቱን ላስይዝ ወይስ ልሰደድ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እባክዎ የእናትዎን ቤት አያስይዙ። ብድር ከተወሰደ በኋላ ወለዱ ሳያቋርጥ ይቆጥራል፤ ፊልም ግን ተቀርጾ፣ ተቀናብሮና ሲኒማ ቤት ተራ ደርሶት የመጀመሪያውን ብር እስኪያስገባ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ጨርሶ ላያስገባም ይችላል።

ስለ ባሕር ማዶ የሰሙትም እውነታውን አያሳይም። ለዚህ የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በቂ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተምረው፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስለ ባርነት የሠሩት «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅት አላገኘም። ስለዚህ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የጥቁሮችን ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ከከተማ ወደ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። እዚያም ቢሆን የገንዘቡን በር የያዙት ሰዎች የጥቁሮች ታሪክ ተመልካች አያገኝም ብለው ሲፈርዱ፣ ባለሙያው ከመቅረጫው ሌላ የማሳያውንም ወጪ ለመሸከም ይገደዳል። ቦታ መለወጥ ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም።

ከእኚሁ ሰው ሥራ ሌላም የሚጠቅምዎ ነገር አለ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልማቸውን ኢትዮጵያ መጥተው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ አብዛኞቹ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ቀርጸውታል። ታሪኩን በእጅ ባለው አቅም ልክ ማዘጋጀት ይቻላል ማለት ነው። እርስዎም ሙሉውን ስክሪፕት ለጊዜው አቆይተው፣ ከውስጡ በአንድ ግቢ ሊያልቅ የሚችል አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ታሪክ ያውጡ። የፋሲል ግንብን የመሰለ ቅርስ ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድና ክፍያ ስላለበት፣ የአያት ግቢ የተሻለ ነው።

ወጪውን ሲጽፉ የካሜራ ኪራይ ላይ አይቁሙ። ብዙ ጀማሪዎች የሚረሱት ድምፅ ነው፤ ምስሉ ጥሩ ሆኖ ንግግሩ በነፋስና በባጃጅ ጩኸት ከተዋጠ ገንዘቡ ባክኗል፤ ስለዚህ ለድምፅ ባለሙያና ለማይክሮፎን መጀመሪያ ይመድቡ። መብራት ቢጠፋ የጄኔሬተርና የነዳጅ፣ የቡድኑ ምሳና ትራንስፖርት፣ የኤዲቲንግ፣ እንዲሁም የማሳያ ወጪ ይግቡበት። ይህን ያህሉን በዕቁብ ወይም በጥቂት ወዳጆች መዋጮ መሸፈን ከባድ ቢሆንም ይቻላል፤ ቢከስርም ቤተሰብ ሜዳ ላይ አይወድቅም።

አጭሩ ፊልም ካለቀ የሚያሳዩት ሥራ አለዎት ማለት ነው። ከሮተርዳም ፌስቲቫል ጋር የሚሠራው ሁበርት ባልስ ፈንድና በበርሊን ፌስቲቫል ሥር እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ወርልድ ሲኒማ ፈንድ አፍሪካን ጨምሮ ገንዘብ ላጠረባቸው አገሮች ሲኒማ ይደግፋሉ፤ ውድድሩ ግን ብርቱ ነው። ለብዙ ፌስቲቫሎች ፊልም ለማስገባት በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ይጠየቃል፤ ይህ ለእኛ አገር ልጅ ከባድ እንቅፋት ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጽፈው ከክፍያው ነጻ እንዲያደርጉዎ ይጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ።

የአዲስ አበባዎቹ ፕሮዲውሰሮች ተመልሰው ቢጠሩዎ ስክሪፕቱን በቃል ስምምነት አይስጡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው መብት ይሰጣል። ምን ያህል መብት፣ ለስንት ዓመትና በምን ድርሻ እንደሚሰጡ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከመፈረምዎ በፊትም ለጠበቃ ያሳዩት።