«120 ይላል፣ 58 ይሰጣል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ከተነገረበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለዚህ አምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸውን ቀይረዋል፤ ቀድሞ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ራዲያተር ይጠይቁን የነበሩ አንባቢዎች አሁን ስለ ኪሎ ዋት (ኃይሉ ስለሚገባበት ፍጥነት) እና ስለ ኪሎ ዋት ሰዓት (ስለ ገባው ጠቅላላ መጠን) ይጽፋሉ። በዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች መርጠናል። ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ በጽሑፍ «እርስዎ» ማለቴን እንደ ኩራት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በቻይና የተሠራ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ከገዛሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ዘወትር ቤቴ ስለምሞላ የሕዝብ ቻርጅ ጣቢያ ተጠቅሜ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሰሞን ሐረር ለቅሶ ደርሼ፣ ሁለት ቀን ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ድሬ ስገባ ባትሪው 20 በመቶ ላይ ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በመጀመሪያ የሄድኩበት፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለው፣ መሰኪያው ከመኪናዬ ጋር ጨርሶ አልገጠመም። በሁለተኛው ቦታ ገጠመ፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ ላይ 120 ኪሎ ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ሳለ ስክሪኑ ያሳየኝ 58 ብቻ ነበር። ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመድረስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ከ80 እስከ 100 ለመድረስ ደግሞ ሌላ 40 ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻም የ52 ኪሎ ዋት ሰዓት ሂሳብ ከፈልኩ፤ በእኔ ስሌት የገባልኝ ግን 48 ነው። ተጭበርብሬአለሁን?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም። ሆኖም ሊነገርዎት የሚገባው ሁሉ አልተነገርዎትም፤ ቅሬታዎም ከዚህ ላይ ቢያርፍ ተገቢ ነው።

ከመሰኪያው ልጀምር። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢ/ቲ የሚባለውን የቻይና ደረጃ ሲከተሉ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ይከተላሉ፤ ወደ አገራችን የገቡት መኪኖች ደግሞ ከሁለቱም ወገን ናቸው። የመኪናው ስም ብቻ አያስተማምንም። ለምሳሌ ቮልስዋገን አይዲ 6 የጀርመን ስም ይዞ የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ስለሆነ የሚሞላው በቻይናው መሰኪያ ነው። የሚያስተማምነው ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። በቻይናው መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ መሙያዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ ለቀርፋፋው (ለኤሲ) የሚሆን፣ ሌላው ትልቅና ክብ፣ ለፈጣኑ (ለዲሲ) የሚሆን። በአውሮፓው ላይ ግን ሁሉም ባንድ ቦታ ነው፤ ከላይ ሰባት እግሮች፣ ከሥራቸው ሁለት ወፋፍራም እግሮች ይታያሉ።

ሰውን የሚያሳስተው ቀርፋፋው መሰኪያ ነው፤ የቻይናውም የአውሮፓውም ሰባት ሰባት ስለሆነ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ኤሌክትሪሻኖች እንደሚሉት ግን በአውሮፓው መኪና ላይ ያለው ወንዴ (እግር ያለው) ሲሆን በቻይናው መኪና ላይ ያለው ሴቴ (ቀዳዳ ያለው) ነው። እርስዎ በሆቴሉ ግቢ የገጠመዎት ሴቴን ከሴቴ የማጋጠም ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ቢገፉት ቢያዞሩት የሚሆን አልነበረም።

«ማገናኛ ልግዛን?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ለቀርፋፋው መሙያ የሚሆነው ማገናኛ ሽቦን ከሽቦ የሚያገናኝ ቀላል ዕቃ ስለሆነ፣ የመኪናዎን አምፔር የሚችል መሆኑን አረጋግጠው ቢይዙ ይጠቅማል። የፈጣኑ ግን ሌላ ነው። ፈጣን ማሽንና መኪና ኃይል ከመስጠትና ከመቀበላቸው በፊት ይነጋገራሉ፤ የቻይናው በአንድ ቋንቋ፣ የአውሮፓው በሌላ ቋንቋ ስለሚነጋገሩ በመካከላቸው የሚገባው ማገናኛ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ያለው አስተርጓሚ መሆን አለበት። በብዙ መቶ ቮልት መካከል የሚቆም ርካሽ አስተርጓሚ እኔ አልገዛም። ከዚህ ይልቅ የመኪናዎን መሙያ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ወደማያውቁት ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ለሠራተኛው በቴሌግራም ይላኩለትና «ይህን ትሞላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ 58ቱ ስንመጣ፣ ማሽኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ማሽኑ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው መኪናዎ ነው፤ በየሰከንዱ «ይህን ያህል ስጠኝ» እያለ ይጠይቃል፣ ማሽኑም ከተጠየቀው በላይ አይሰጥም። መኪናዎ የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን 80 ኪሎ ዋት ከሆነ 120 ቢሰኩትም 240 ቢሰኩትም ልዩነት አያዩም። ከዚህም በላይ ሁለት ገመድ ያላቸው ብዙ ማሽኖች ሁለት መኪና ሲሰካባቸው ኃይሉን ለሁለት ይከፍሉታል፤ 120 ለሁለት ሲካፈል 60 ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ በሌላው ገመድ ላይ የቆመ መኪና ነበር ብዬ እገምታለሁ። 120ን በትልቁ ጽፎ «ለሁለት ይካፈላል» የሚለውን የትም ያልጻፈ የጣቢያ ባለቤት ዋሽቷል አልልም፤ እውነቱን በሙሉ ተናግሯልም አልልም።

ሰዓቱንም አይርሱት። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቋን ዘግታ የምታርፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የጋለ ባትሪ ራሱን ለመጠበቅ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣውም ከዚያው ከሚገባው ኃይል ላይ እየቀነሰ ይሠራል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወይም ማለዳ ይሙሉ፤ ካልሆነም ጥላ ያለውን ቦታ ይያዙ።

ከ80 በመቶ በኋላ የታየው መቀዛቀዝ የማንም ጥፋት አይደለም፤ በሁሉም መኪና ላይ ያለ ነው። እንስራ ሲሞላ እስከ ሆዱ ድረስ በባልዲ ቢያንቆረቁሩበት ይችላል፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ ካላሉ ይፈሳል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ መኪናው የሚጠይቀውን መጠን በራሱ ይቀንሳል፤ ያለዚያ በባትሪው ውስጥ የሚመላለሰው ሊቲየም ወደ ኤሌክትሮዱ (ወደ ባትሪው ምሰሶ) ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይጋገርና ባትሪውን ይጎዳዋል። ከራስዎ ደብዳቤ እንደሚታየው በመጀመሪያው 40 ደቂቃ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት አስገብተው፣ በሁለተኛው 40 ደቂቃ ያስገቡት 12 ብቻ ነው። ሳቢያን ሊገባ 80 በመቶ የያዘ ሰው፣ ቤቱም የሚሞላበት ካለው፣ ሰው ወረፋ ይዞ ሳለ ለዚያች 12 መቀመጡ አስፈላጊ አልነበረም፤ ያጉረመረመው ሰው ጥቂት እውነት ነበረው። ረጅም መንገድ ወጪ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜም «እስከዚህ ሰዓት እጨርሳለሁ» ብሎ መናገር ጠብ ያስቀራል። አንዳንድ ጣቢያ ሞልቶ ለቆመ መኪና በደቂቃ እየቆጠረ ተጨማሪ እንደሚያስከፍልም ይወቁ።

የ4 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ባትሪው ሲሞላ በሙቀት መልክ የሚባክን አለ፣ ማቀዝቀዣው የሚበላው አለ፤ ከተከፈለው ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ቢጎድል የሚያስገርም አይሆንም። የእርስዎ ከ8 በመቶ ያነሰ ነው። ወደፊት ግን ከመሰካትዎ በፊት የሚከፍሉት በኪሎ ዋት ሰዓት ይሁን በደቂቃ ጠይቀው ይረዱ፤ በደቂቃ ከሆነ ከ80 በኋላ ያሉት ደቂቃዎች እጅግ ውድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፤ በየሳምንቱ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ዕቃ ለማምጣት ከሐረር እመላለሳለሁ። መኪናዬ ስወርድ የሚበላው ባትሪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስመለስ ግን ያስደነግጠኛል። ድሬ ላይ ሳልሞላ መመለስ እችላለሁን? አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሐረማያ ዘመድ ጋር አድሬ፣ እዚያው ሌሊቱን ሞልቼ ስነሳ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ማስጠንቀቂያ ያበራና እግሬን ከፔዳል ሳነሳ እንደ ወትሮው አይዝልኝም። ብልሽት ነውን?

መልስ፦ እህታችን፣ ብልሽት አይደለም፤ የአካባቢዎ ተራራ የሠራው ሂሳብ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስትገኝ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በመካከል ያለው መንገድ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ብሎ ያልፋል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል፤ የሚባክነው ሲታከልበት 5 ያህል ይሆናል። ለ50 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ደግሞ ሜዳ ቢሆን እንኳ 8 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሽቅቡን 13 ያህል ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው፤ ይህ ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ላይ ከአንድ አምስተኛ ጥቂት ይበልጣል። ቁልቁሉን ሲወርዱ ከፍታው የሰጠዎት ከፊሉ ወደ ባትሪው ስለሚመለስ ከዚህ ግማሽ በታች ይበቃዎታል። ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር በዚህ መንገድ ላይ አይመኑት፤ ቁልቁል በተጓዙበት አመል እያሰበ ሽቅቡን ይተነብይልዎታልና። ዕቃ ጭነውም ስለሚመለሱ ድሬ ላይ ቢያንስ 40 በመቶ ሳይዙ ባይነሱ እመክራለሁ፤ ከዚያ በላይ ካለዎት ግን ጣቢያ ገብተው ገንዘብና ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግዎትም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰሞን ብቻ ከዚህም ከፍ ያለ ይያዙ፤ ሽቅቡ ላይ ቆሞ መጠበቅ ይቅርና ጣቢያ ላይም ወረፋ አለና።

የደንገጎው ማስጠንቀቂያ የመጣው ባትሪው ሙሉ ስለሆነ ነው። እግርዎን ከፔዳል ሲያነሱ መኪናው የሚይዝልዎት ሞተሩ ተገልብጦ እንደ ጄኔሬተር ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ስለሚሞላ ነው፤ ባትሪው ቦታ ከሌለው ኃይሉ የሚሄድበት የለውምና መያዙን ይተወዋል። ያን ጊዜ ጠቅላላው ሸክም የሚወድቀው በፍሬኑ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ባለበት ቁልቁለት የፍሬን ሸራ ማጋል ደግ አይደለም። ከሐረር ሞልተው ቢነሱ አወዳይንና ሐረማያን አልፈው ደንገጎ እስኪደርሱ ባትሪው ጥቂት ስለሚጎድል ብዙም አይታወቅዎትም፤ ሐረማያ ባደሩ ቀን ግን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ እንዲያቆም በመኪናው ስክሪን ላይ ያስተካክሉት። ባትሪዎ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት) የሚባለው ዓይነት ከሆነ አምራቾቹ አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሞላ ይመክራሉ፤ እሱን ሐረር በሚያድሩበት ሌሊት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አካባቢ መኪናዬን እየሞላሁ ሳለ መብራት ጠፋ። መሰኪያው አልወጣም ብሎ ተቆልፎ ቀረ፤ ጥበቃው ቀዩን አዝራር ተጫን አለኝ፤ ብጫነውም ለውጥ የለም። መብራት እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ቀዩ አዝራር ጭስ ወይም የእሳት ብልጭታ ሲታይ፣ ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ኃይሉን ለመቁረጥ የተሠራ ነው። በተራ ቀን ሲጫኑት ማሽኑን ዘግቶ ሠራተኛ መጥቶ እስኪከፍተው ሊያቆየው ስለሚችል፣ መብራት ሲመለስም እንዳይነሣ አድርገውት ይሆናል። ሁልጊዜም መሙላቱን ማቆም በስክሪኑ ወይም በስልኩ መተግበሪያ በኩል ነው፤ ቀጥሎ የመኪናዎን በር በቁልፍዎ ይክፈቱ፤ ከዚያ መሰኪያውን ይንቀሉ።

መብራት ሲጠፋ የሚረዳው ነገር እንደ መሰኪያው ዓይነት ይለያያል። በአውሮፓው መሰኪያና በቻይናው ቀርፋፋ መሰኪያ መቆለፊያው ያለው በመኪናው በኩል ስለሆነ፣ የመኪናው የራሱ ባትሪ ይከፍተዋል፤ እምቢ ቢል በብዙ መኪኖች ላይ በኮፈኑ ሥር ወይም በዕቃ መጫኛው ጎን በእጅ የሚሳብ ገመድ አለ፤ የት እንዳለ የሚነግርዎት መመሪያ መጽሐፉ ነውና ዛሬውኑ ፈልገው ይዩት። በቻይናው ፈጣን መሰኪያ ግን መቆለፊያው ያለው በራሱ በመሰኪያው ላይ ነው፤ የሚታዘዘውም በማሽኑ ስለሆነ ማሽኑ መብራት ከሌለው ላይለቅ ይችላል። ለዚህ ተብሎ በመሰኪያው ላይ በትንሽ መፍቻ የሚለቀቅበት ቀዳዳ ይደረግለታል፤ የጣቢያው ሠራተኛ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ደግሞ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ መብራት ሲመለስ ብዙ ማሽኖች ካቆሙበት አይቀጥሉም፤ እንደ አዲስ መጀመር ይጠይቃሉ። በቴሌብር አስቀድመው ከፍለው ከሆነ ክፍያው የታየበትን መልእክትና፣ ስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት ካዩት፣ የገባውን ኪሎ ዋት ሰዓት ፎቶ ይያዙ። መብራት በሚጠፋጠፋበት ሰሞን እኔ ራሴ መሙላት እንደጀመርኩ በየአሥር ደቂቃው ስክሪኑን ፎቶ አነሣለሁ፤ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ጥበቃው ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ መጎተት ከጀመረ ግን ምንም ቢቸኩሉ ያስቁሙት፤ የሚሰበረው የመቆለፊያ ጥርስ ከመኪናዎ ላይ ከሆነ አስመጥተው የሚጠግኑት እርስዎ ነዎት።