ኢንሹራንስ ብገባ ሙያዬን ጣልኩ ማለት ነው?

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ዘንድሮ በአይቲ እመረቃለሁ። ምኞቴ ሳይበር ሴኩሪቲ ነው። ያገኘሁት ሥራ ግን እዚሁ ጅማ፣ አንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውስጥ ሠልጣኝ አንደርራይተር መሆን ነው። ጓደኞቼ ‹ታርጋ ስትመዘግቢ ልትኖሪ ነው› ይሉኛል። ልግባ ወይስ የሚሻል እስኪመጣ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ ግቢ።

ጓደኞችሽ ጨርሶ አልተሳሳቱም። በአገራችን የኢንሹራንስ ትልቁ ገበያ የመኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሊብሬ ጋር ያልፋሉ፤ ይሰለቻል። ግን የአንደርራይተርን ሥራ ልብ ብለሽ እይው። ይህ ደንበኛ በምን በኩል ሊጎዳ ይችላል ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ያጣራል፣ በዚያ ላይ አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለውን ዋጋ፣ ይተምናል። የሳይበር ደህንነት ባለሙያም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። መርካቶ አካባቢ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ገብቼ ነበር። ሒሳቡ ሁሉ፣ የአቅራቢዎች ዕዳ ሳይቀር፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። «ባካፕ አላችሁ?» አልኩ፤ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ማለቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደስ እያላት ጎኑ ያለውን ሃርድ ዲስክ አሳየችኝ። ገመዱ ቀንም ማታም እንደተሰካ ነው። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ቢገባ ኮምፒውተሩንም ዲስኩንም አብሮ ይቆልፋቸዋል። ያቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ዛሬ ዲስኩን ማታ ማታ እየነቀለች መሳቢያ ውስጥ ትቆልፈዋለች። አንድ ጥያቄ ነው ይህን ያመጣው።

የሳይበር ኢንሹራንስ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ጥቃት ጉዳት የሚገባ መድን፣ ለደህንነት የሚጠቅመውም በዚህ በኩል ነው። ብዙ ሰው ካሳ መክፈል ብቻ ይመስለዋል። ከካሳው በፊት ግን የሚሞላ ቅጽ አለ። ከኔትዎርኩ ተነጥሎ የሚቀመጥ ባካፕ አለ ወይ? ፋይሉን ከባካፑ መመለስ ተሞክሮ ያውቃል ወይ? ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ ሲገባ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቃል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 የራንሰምዌር ካሳ ሲበዛባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ መድን ሰጪዎች አረቦኑን ከፍ አደረጉ። ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌለውን ድርጅትም ብዙዎቹ አንቀበልም አሉ። የአይቲ ሠራተኛ የለመነውን በጀት አለቃ ሊያዘገየው ይችላል። መድን አጣለሁ ሲባል ግን ጉዳዩ የራሱ የአለቃው ይሆናል።

ቅጹ ላይ መዋሸትም ዋጋ ያስከፍላል። ትራቨለርስ የተባለው የአሜሪካ መድን ሰጪ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የኢሊኖይ ኩባንያን ከሰሰ። ኩባንያው ሁለተኛ ማረጋገጫ እንጠቀማለን ብሎ ፈርሟል። በራንሰምዌር ከተመታ በኋላ ሲጣራ፣ በክሱ እንደተባለው፣ ማረጋገጫው የነበረው ፋየርዎሉ (ኔትዎርኩን ከውጭ የሚጠብቀው አጥር) ላይ ብቻ ነው። ውሉ በሁለቱ ስምምነት ፈረሰ። የእኛም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሆን ብሎ ለደበቀ ወይም ለዋሸ መድን ገቢ አይራራም።

ነገሩን ግን አላጋንንልሽም። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ፍሬኑን ችላ የሚል ሹፌር እንዳለ ሁሉ፣ መድን ገዝቶ የሚተኛ ድርጅትም አለ። የመድን ገንዘብ ለአጋቾቹ ሲከፈል ወንጀሉን ያበረታታል የሚል ክርክርም አለ፤ እኔ እውነትነት አለው ባይ ነኝ። የማይሸፈነውን ማንበብም ሥራሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ሜርክ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ሲመታ፣ ኩባንያው የጠየቀው ካሳ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። መድን ሰጪዎቹ «ጥቃቱ ከሩሲያ መንግሥት የመጣ ነው፤ ይህ የጦርነት ድርጊት ነው» ብለው አንከፍልም አሉ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች ለሜርክ ፈረዱ። ለንደን ያለው የሎይድስ ገበያ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መንግሥታት የሚደግፏቸው የሳይበር ጥቃቶች በሳይበር መድን ውሉ ላይ ከሽፋን ውጭ እንዲደረጉ አዘዘ። እንዲህ ያለውን ውል አንብቦ ኔትዎርኩንም የሚረዳ ሰው እንደልብ አይገኝም። አንቺ ግማሹን ይዘሽ ነው የምትገቢው።

ከገባሽ በኋላ አለቃሽን አንድ ነገር ለምኚልኝ። የቡና መጋዘን ለእሳት መድን ሲፈተሽ አብረሽ ሂጂ። ፈታሹ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የመውጫ በሩን እንዴት እንደሚያይ እዪ፤ ሰርቨር የምታዪበት ዓይን ከዚያ ይመጣል። ማታ ማታ ኔትዎርክና ሊኑክስሽን አትልቀቂ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቢው፤ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት ሁሉ ይመለከተዋል።

የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በእነዚያ ቀናት 10 ጥያቄ ብቻ ያለው የሳይበር መጠየቂያ ቅጽ አዘጋጂ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ የሒሳብ ሠራተኛ በሚገባት ቋንቋ። ስትጨርሺ ይዘሽልኝ ነይ። መጀመሪያ የምንሞክረው እዚያው መርካቶ፣ ያ ቡና ነጋዴ ዘንድ ነው። እኔ አስተዋውቅሻለሁ።