ጣሪያ ላይ ወይስ ትራስ ስር? ለጠየቅሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። የ6 ዓመቱ ልጅሽ የመጀመሪያ ጥርሱ ወልቋል። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ «ትራስህ ስር አድርገው፣ ሌሊት ብር ይመጣልሃል» ብለውታል። አያቱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ይወርውረው ብለዋል። እናንተ የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቱን ላድርግ ነው ያልሽው። መጨረሻ ላይ ስለ ትንሿ ልጅሽ ግግ፣ ድድ ላይ ያበጠውን ትል ነው እያሉ ስለሚያስወጡት ነገር፣ አንድ መስመር ጣል አድርገሻል። እሱን ሳልመልስልሽ አላልፍም።

እኔ ያደግኩት አራት ኪሎ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነበርን፣ ሁሉም ቤት ቆርቆሮ። የአንድ ልጅ ጥርስ ሲነቃነቅ ግቢው በሙሉ ያውቃል። «እስቲ አሳዪኝ» ሳይል የሚያልፍ ትልቅ ሰው አልነበረም።

የእኔ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀው ቆሎ ስበላ ነው። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። መዳፌ ላይ ተፋሁት። ከገብሱ መሃል አንዲት ነጭ ነገር ታየችኝ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከላይ ወተት የመሰለች፣ ከታች ባዶ፣ ጠርዟ ላይ ደም። አለቀስኩ። አያቴ ከመደብ ላይ ብድግ አለችና «እሰይ! አደግሽልኝ!» አለች። በጨው ውሃ አጉመጠመጠችኝ። ጥርሷን አጥባ መዳፌ ውስጥ አስጨበጠችኝና እጄን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችኝ።

በእኛ ቤት የሚባለው «ወፊቱ ወፊቱ፣ አሮጌውን ውሰጂ፣ አዲሱን አምጪ» ነበር። ቃሉ በየቤቱ ይለያያል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ እንኳ ሌላ የሚሉ ነበሩ። ሦስት ጊዜ አልኩና ወረወርኩ። ቆርቆሮው ላይ ኳ አለች። ተንከባለለች። ሁላችንም አንጋጠን ዝም አልን። አልተመለሰችም። ያኔ እልል ተባለ። ተመልሳ ብትወድቅ እንደገና መወርወር ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ የአያቴ ትእዛዝ አንድ ነበር። «ምላስሽን እዚያ ክፍተት ውስጥ እንዳትከቺ፣ ገጣጣ ትሆኛለሽ።» ልጆቹ «ወላቃ» ይሉኝ ጀመር። ግን በዚያ ዓመት ያልወለቀበት ማን ነበር? ሁላችንም ወላቃ ነበርን።

አንድ ክረምት አባቴ የዛገውን ቆርቆሮ አስቀየረ። እኛ ልጆቹ ጥርሶቻችንን ፍለጋ አሸንዳው ላይ ተረባረብን። የካልሲ ኳስ አገኘን። ብይ አገኘን። የበሰበሰ ቅጠል በሽ ነው። ጥርስ ግን አንድም የለም። አያቴን ስንነግራት አልገረማትም። «ወፏ ወስዳዋለቻ» አለች። ዛሬም ያንን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? ለልጅ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከሰውነቱ አንድ ነገር ተነቅሎ ሲወድቅ፣ ደም ሲያይ ይደነግጣል። ጣሪያው ላይ ሲወረውር ግን የሰጠው ነገር አለ፣ የሚጠብቀው ነገር አለ። አጠገቡም ሰው ቆሟል። ትራስ ስር ሲሆን ልጁ ተኝቶ ነው ነገሩ የሚያልቀው። እኔ ጣሪያውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ግን ከጓደኞቹ ጋር አታጣዪው። የእኔም ልጅ ያንኑ ይዞ መጣ። አሁን የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ቢወረውር ታች መኪና ላይ ነው የሚያርፈው። ጥርሱን በሶፍት ጠቅልለን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥነው። ለእንቁጣጣሽ እናቴ ቤት ስንሄድ ይዘነው ሄድን። ከወንድሜ ልጆች ጋር ተሰልፈው ወረወሩ። ማታ ትራሱ ስር 10 ብር አደረግሁለት። ብሩን ትንሽ አድርጊው፣ የወተት ጥርስ 20 ነው! ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 12 ድረስ እየተፈራረቀ ይወልቃል።

ደግሞ ይህ የድሮ ሰው ነገር ብቻ እንዳይመስለው ንገሪው። ኮሪያ ውስጥም ልጆች ጣሪያ ላይ ይወረውራሉ። ጃፓን የታችኛውን ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛውን ወደ ወለል ስር ነው፤ አዲሱ ወደዚያው አቅጣጫ እንዲያድግ። ፈረንሳይ ትራስ ስር የምትመጣው ትንሽ አይጥ ናት። ልጄ ይህን ሲሰማ ክፍል ውስጥ ለሁሉም አወራ።

የሚቀጥለው ሲነቃነቅ በክር አስራችሁ አትጎትቱት። አዲሱ ጥርስ ከስር እያደገ ሲመጣ የአሮጌውን ሥር እየበላ ያሳጥረዋል። ባዶ ሆኖ የሚወልቀው ለዚህ ነው። የእኔ ልጅ ግን አዲሱ ከኋላ ብቅ አለና ድርብ ሊሆንበት ነው ብዬ ተጨነቅሁ። የጥርስ ሐኪሟ አይታ ጥቂት እንጠብቅ አለች። በወሩ አሮጌው ራሱ ወለቀ፣ አዲሱም ቀስ እያለ ወደ ፊት መጣ። መንጋጋውን ደግሞ በደንብ አስቦርሺው። በ6 ዓመት አካባቢ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ምንም ሳይወልቅ ነው የሚመጣው፤ ብዙ እናት የወተት ጥርስ ይመስላትና ትተወዋለች። እሱ ግን የዕድሜ ልክ ነው፣ ምትክ የለውም።

አሁን ወደ ግጉ። ትንሿ ተቅማጥ ይዟታል፣ ጎረቤት «ግግ ነው፣ አስወጪላት» ብላኛለች ብለሻል። እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው። ድዷ ላይ ያበጠው፣ ነጣ ብሎ የሚታየው ትል አይደለም። ሊበቅል የደረሰ ጥርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ የወተት ክራንቻ። ለታናሽ ወንድሜ በሕፃንነቱ ግግ ወጥቶለታል። በስለት ድዱ ተፍቆ፣ ደም በጨርቅ እየተጠረገ። ተቅማጡ አልቆመም፤ ሦስት ቀን ትኩሳት ጨመረበት። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ በአንድ በኩል ክራንቻው ጠማማ ሆኖ ነው የበቀለው። ሲስቅ እስካሁን በእጁ ይሸፍነዋል። እናቴ ያንን ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል፤ እሷም ያደረገችው ልጇን ልታድን ነው።

በዚህ ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ተቅማጡ በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው። ጡት አታቋርጪ፣ ኦአርኤስ በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ ስጫት፣ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ጥርሱን ተዪው ይብቀል። ክራንቻ ከሆነ ከ9 እስከ 12 ዓመቷ ባለው ጊዜ በራሱ ይወልቃል። ያኔ በክብሪት ቀፎ ይዛችሁት አያቷ ግቢ ትሄዳላችሁ፤ ወንድሟ አወራወሩን ያሳያታል።