መኪና ለምትስሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የምትስሏቸውን መኪኖች አይቻለሁ። ዝቅ ያሉ፣ አፍንጫቸው የሾለ፣ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት። እጃችሁ ጎበዝ ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ በሩ ለምንድን ነው ወደ ላይ የሚከፈተው? «ያምራላ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

መርሴዲስ 300 ኤስኤል እ.ኤ.አ. በ1954 ኒውዮርክ ላይ ሲታይ፣ በሮቹ ተከፍተው ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስል ነበር። ነገሩ የመጣው ግን ከውድድር መኪና ነው። መሐንዲሶቹ ክብደት ለመቀነስ ሻንሲውን ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሠሩት። እንዳይጣመም ደግሞ ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው ማለፍ ነበረባቸው። እንግዲህ የተለመደው በር የት ይግባ? ጣሪያው ላይ አንጠለጠሉት። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሞተሩን ወደ ጎን አጋደሉት። ያንን ከፍታ ተሻግሮ መግባት ስለሚያስቸግር መሪው እንዲታጠፍ አደረጉ። በ1957 ጣሪያ አልባው ሲመጣ ቱቦው ተስተካከለ፤ በሩም እንደማንኛውም በር ሆነ። ለውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይተወው ነበር?

እኔ ባትላሜራ ነኝ። መዶሻ ከያዝኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ለማጅ ሳለሁ የአንድ ሰይቼንቶ (ትንሿ ፊያት) ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ እንዳቃና ተሰጠኝ። ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ኮራሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን አንዴ አሳለፉበት። «ይሄ ላሜራ ነው ሽሮ?» አሉና ሁሉንም አስፋቁኝ። ያን ቀን ተናድጄ ምሳዬንም አልበላሁ።

በነገራችን ላይ ላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ስንል ጣሊያንኛ እያወራን ነው። ጋራዥ የገባ ሰው ሳያውቀው ግማሽ ጣሊያን ይሆናል።

ጣሊያን አገር፣ ሞዴና ከተማ፣ ሰርጂዮ ስካልዬቲ የሚባሉ የኛው ሙያ ሰው ነበሩ። የፌራሪን አካል ይቀጠቅጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አሉሚኒየሙን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ያስቀምጡና በመዶሻ፣ በዓይን ልክ ይቀጠቅጡት ነበር። ፌራሪ 250 ጂቲኦ የሚባለው መኪና ከዚያ ቤት ነው የወጣው። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ልክ አይገጥምም። ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጡት። እኔ እንዲህ የማይገጥም ፓራፋንጎ ባስረክብ ደንበኛዬ ምን እንደሚለኝ አስቡት።

እንግሊዞቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። የ1961ዱን ጃጓር ኢ-ታይፕ ቅርጽ ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ ሰው ነው። ኩርባዎቹን በሒሳብ ቀመር ነበር የሚያሰላው። ሒሳብ ለምትጠሉት ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

«ገና ልጆች ነን» የምትሉትን ግን አልቀበልም። ላምቦርጊኒ ሚዩራ በ1966 ጄኔቫ ላይ ሲቀርብ፣ ቅርጹን የሳለው ማርቼሎ ጋንዲኒ 27 ዓመቱ ነበር። መሐንዲሱ ጃን ፓኦሎ ዳላራ 29። ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር ከወንበሩ ጀርባ በወርድ ከተቱት፤ በቁመት ቢሆን መኪናው ይረዝም ነበር። ጉድለትም ነበረበት። በጣም ሲሮጥ አፍንጫው ይቀልና መሪው ይላላል። ቤንዚን ጋኑ ፊት ለፊት ስለሆነ ቤንዚኑ ባለቀ ቁጥር ይብሳል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስዕሉን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እስኪ በዚህ ሳምንት እርሳሱን አስቀምጡና አሮጌ ሰይቼንቶ ወይም ቮልስ ፈልጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ከመብራቱ እስከ በሩ ድረስ መዳፋችሁን አሳልፉበት። የት ይነሳል? የት ይወርዳል? ከዚያ ዓይናችሁን ሳትገልጡ ስር ምን እንዳለ ገምቱ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ።